ህዳር 30 ላይ ልጆቻችን ስለ አገራቸው ምን ይዘው ይቀራሉ?

መልእክቱ በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ የመጣው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። «የብሔር ብሔረሰቦች ቀንን ስለምናከብር ልጆች የደረሳቸውን ባህላዊ ልብስ ለብሰው ይምጡ» ይላል። ከሥሩ ዝርዝር አለ። ሦስተኛ ክፍል ለምትማረው ልጄ አፋር ደርሷታል። በማግስቱ ልብስ ፍለጋ ተጀመረ። አንዷ እናት «የሐረሪ ልብስ የሚያከራይ የምታውቁ?» ትላለች። አንድ አባት «ለእኛ ጋምቤላ ደርሶናል፣ ከየት ላምጣ?» ይላል። ሁለት ቀን ሙሉ ግሩፑ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ቀኑ ደረሰ። ልጆቹ አምረው ነበር። ልጄም ከጓደኞቿ ጋር ጨፈረች፣ እኔም እንደ ሁሉም ወላጅ በስልኬ ቀረጽኩ። ማታ የተከራየነውን ልብስ እያጣጠፍኩ «አፋሮች ምን ይበላሉ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አላውቅም።»

«የት ነው የሚኖሩት?»

«አላውቅም።»

«እሺ፣ ስለ እነሱ ምን ታውቂያለሽ?»

ትንሽ አሰበችና «ይጨፍራሉ» አለችኝ።

በመምህሯ አልፈርድም። ከ50 በላይ ልጅ ይዛ፣ ሌላውን ትምህርት ሳታስተጓጉል በዓሉን እንድታደምቅ ነው የተነገራት። አደመቀችውም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የልጄ መልስ ነው። ያየችውን ነው የነገረችኝ። ያሳየናት ደግሞ እኛ ነን።

በዓሉ ከየት እንደመጣ ባጭሩ ላስታውስ። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ህዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ቀኑ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ተብሎ በየዓመቱ ይከበራል። ትምህርት ቤቶችም በየግቢያቸው ያከብሩታል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በዚህ አገር የእናቷ ቋንቋ፣ የአያቷ ስም፣ የሰፈሯ አለባበስ በትምህርት ቤት አንድም ቀን ሳይነሳ ተምራ የጨረሰች ብዙ ልጅ ነበረች። የራሷን ነገር መድረክ ላይ፣ በጭብጨባ መሀል ስታይ ደረቷ ይነፋል። ይህንን ማንም እንዲያቃልለው አልፈልግም። የምለው፣ ከጭብጨባው በኋላ ያለው ትምህርት ጠፍቷል ነው።

ልጆች ሌላውን ኢትዮጵያዊ መቼ መቼ እንደሚያዩት እስቲ እናስብ። በበዓል ቀን፣ በመድረክ ላይ፣ በክት ልብሱ። በቴሌቪዥንም ያው ነው። ታዲያ ልጅ ምን ይደምድም? ሌላው ሰው አያርስም፣ አይታመምም፣ የቤት ሥራ የለውም፣ ዓመቱን ሙሉ ይጨፍራል። ከኦሞ ሸለቆ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የሚያሳዩን ፊቱን ቀለም የተቀባ ልጅና በሬ የሚዘል ጎረምሳ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የጎረቤቴ ልጅ ፖስተር ላይ ያለውን ፎቶ እያየ «እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት የላቸውም እንዴ?» አለኝ። ጂንካ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ አልኩት። አላመነኝም። ፎቶው ላይ የለማ!

ነገሩ ዛሬ የጀመረ አይደለም። የአያቶቻችን መጽሐፍ አክሱምን፣ ላሊበላንና ጎንደርን አሳይቶ «አገርህ ይህ ነው» ይል ነበር። እውነት ነው፣ አገራችን ናቸው። ግን የደቡቡ፣ የምዕራቡና የምሥራቁ ልጅ ያንን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ቢያገላብጥ አያቱን አያገኛትም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። ልጅ በሚገባው ቋንቋ መማሩ ትክክል ነው፣ ወደ ኋላ መመለስ የለበትም። ሆኖም መጽሐፉን የሚያዘጋጀው ክልሉ ሆነ። የራሱን ወንዝና የራሱን ጀግና በደንብ ጻፈ። የሌላው ግን አንድ ገጽ ዝርዝር ሆኖ ቀረ። ድሮ ልጁ የማያውቀው ራሱን ነበር። አሁን ጎረቤቱን ነው።

ውጤቱን ያየነው ዩኒቨርሲቲ ላይ ነው። ብዙው ወጣት ሌላውን ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ ያገኘው በ18 ወይም በ19 ዓመቱ፣ ዶርም ውስጥ፣ ከላዩ አልጋ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የሚያውቀው በወሬ ነው። ወሬ ደግሞ ክፉ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ በ2012 ዓ.ም. በየግቢው የተነሳው ግጭት አሳይቶናል። ልጆች ሞቱ። ወላጅ ልጁን ከዩኒቨርሲቲ በሌሊት አውቶቡስ መለሰ። ሰው በ19 ዓመቱ ከማያውቀው ጋር መኖር ይማራል ማለት፣ ዋና የማያውቅን ሰው ጣና ላይ ወርውሮ ይዋኛል ብሎ እንደመጠበቅ ነው።

ከዚህ በፊት ሌላ መንገድ ተሞክሮ ነበር። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው ያገለግሉ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ተሰማሩ። ዘመቻው ብዙ መከራም ነበረው፣ በግድ የሄደም ብዙ ነው፣ እሱ ይመለስ የምል ሰው አይደለሁም። አክስቴ ያኔ ከፋ ነበረች። ዛሬ ከ70 ዓመት በላይ ሆኗታል። ያስጠጓትን የቤት እመቤት ስም እስከ ዛሬ ትጠራለች። ጠዋት ምን እንደሚጠጡ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ዝናብ ሲመጣ ምን እንደሚሉ ትነግርሃለች። ስለ ጭፈራቸው ስጠይቃት «ይጨፍሩ ነበር መሰለኝ» አለችኝ።

አክስቴ ከፋን ያወቀችው በተራ ቀን ነው። ልጆቻችንም ሌላውን በተራ ቀኑ ቢያዩት ያውቁታል ብዬ አምናለሁ። ምን ይበላል? ውሃ ከየት ይቀዳል? ጊዜን እንዴት ይቆጥራል? ሲጣላ ማን ያስታርቀዋል? ወሬ እንዴት ይሰማል? እነዚህን ጥያቄዎች የስምንት ዓመት ልጅም ይጠይቃቸዋል።

የአፋሩን ልውሰድ፣ ልጄ የደረሳት እሱ ነበርና። አፋሮች ዳጉ የሚባል የወሬ ሥርዓት አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብሎ መተላለፍ ነውር ነው። ቁጭ ይላሉ። አንዱ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ያዳምጣል። ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሽ የት አለ፣ ማን ታመመ፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ። ከዚያ ተራው የሌላው ይሆናል። ዓይኔ አየ የሚለውና ጆሮዬ ሰማ የሚለው ይለያል። የሰማኸውን ለሚቀጥለው ሰው ማድረስ ግዴታህ ነው። ውሸት የጨመረ ሰው ይቀጣል፣ ስሙም ይጎድፋል። ሙቀቱ በሚያቃጥልበት፣ ውሃና ሣር ከቦታ ቦታ በሚሸሽበት አገር ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። የተሳሳተ ወሬ ከብት ይጨርሳል።

ይህንን ለልጄ ነገርኳት። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ዳጉ እንጫወት» አለችኝ። ወለል ላይ ተቀመጥን። እሷ ጀመረች። «ዛሬ አንድ ልጅ ወደቀ።» አየሽ ወይስ ሰማሽ? አልኳት። ዝም አለች። «ሰማሁ» አለች ቆይታ። «ማን ነገረሽ? እሱስ አይቷል?» ልጄ ያን ቀን ስለ አፋር ካወቀችው በላይ፣ ከአፋር አንድ ነገር ተማረች። ስልኩ ያመጣለትን ሁሉ በሚያምን ዘመን ላለ ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አላውቅም። ልብሱ ይህንን ሊነግራት አይችልም ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር በየቦታው ሞልቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲጋገር ያላየ ልጅ ጥቂት ነው። የቅጠሉን ሽታ ሁሉም ያውቀዋል። ያ ቅጠል ግን የማን ነው? የእንሰት ነው። እኛ ቅጠሉን ለዳቦ እንፈልገዋለን። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በሐዲያ፣ በከምባታ ደግሞ ተክሉ ራሱ ምግብ ነው። ለወደ 20 ሚሊዮን ሰው። ዓመታት ጠብቆ ይደርሳል፣ ይፋቃል፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይብላላል፣ ከዚያ ቆጮና ቡላ ይሆናል። ዝናብ ሲቀር እህል ይደርቃል፣ እንሰት ግን ጓሮ ቆሞ ይጠብቃል። ክትፎ ሲቀርብ ከጎኑ ያለው ቆጮ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ልጅ ስንት ነው? ዳቦው ቤታችን ነው፣ ቅጠሉ ቤታችን ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጎደለን።

ሒሳብ መምህሩም ከዚህ ድርሻ አለው። በሲዳማ የዘመን አቆጣጠር ሳምንት አራት ቀን ነው። ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶ፣ ቃዋላንካ። ገበያም በእነዚህ ይጠራል። ዛሬ ዲኮ ከሆነ ከ30 ቀን በኋላ ምን ቀን ነው? ለልጆች ይህንን ስጧቸው፣ ወረቀት ይዘው ሲሟገቱ ታያላችሁ። አዲሱን ዓመት ፍቼ ጨምበላላንም አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች የከዋክብትን አካሄድ አይተው ነው የሚወስኑት። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ልጁ መጀመሪያ አቆጣጠሩን ከሠራ በኋላ ጭፈራውን ቢያይ ለምን እንደሚጨፈር ይገባዋል።

ሳይንስ መምህሯ ደግሞ አንድ ትሪ አፈር ታዘንብለው። በግማሹ ላይ ልጆቹ ጠጠር በረድፍ በረድፍ ይደርድሩ። ከላይ ውሃ ይፍሰስ። ጠጠር የሌለበት አፈር ታጥቦ ይሄዳል፣ ሌላው ይቀራል። ኮንሶዎች ተራራቸውን ከ400 ዓመት በላይ ያቆዩት በዚህ ነው። ድንጋዩን ያለ ሲሚንቶ እየካቡ፣ አባት ለልጅ እያስረከበ።

ሰላምታም አለ። በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ልጆች ቤታቸው ያሉ ሰዎችን ጠይቀው ሰላምታ ቢሰበስቡ የሚገርም ነገር ያገኛሉ። አማርኛው «ሰላም ነው?» ይላል። ኦሮምኛው «ነጋ» ይላል፣ ሰላም ማለት ነው። ሶማልኛው «ነበድ»፣ ሲዳምኛው «ኬሬ»፣ ወላይትኛው «ሳሮ»፣ ኑዌርኛው «ማሌ»። ሁሉም ሰላም ነው። ከ80 በላይ ቋንቋ ባለበት አገር ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንኑ ነው። ልጆቹ ይህንን ራሳቸው ቢያገኙት እንደ ሀብት ይይዙታል። መምህሩ ቀድሞ ሰሌዳ ላይ ከጻፈው ግን ማስታወሻ ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር አለ። ልጅን ክፍል ፊት አቁሞ «ብሔርህ ምንድን ነው? ንገረን እስቲ» ማለት አይገባም። ባለፉት ዓመታት ይህ ጥያቄ ስንት ቤተሰብ እንዳስለቀሰ እናውቃለን። ኬላ ላይ የሚጠየቅ ጥያቄ ነበር። አንዳንዱ ልጅ እናቱ ከአንዱ፣ አባቱ ከሌላው ነው፣ መልስም የለው። ሌላው መልስ አለው፣ ግን እንዳይናገር ቤት ውስጥ ተመክሮ መጥቷል። ይልቅ «አያትህ ልጅ ሳለች ቁርስ ምን ትበላ ነበር?» ብንለውስ? ውሃ ከየት ትቀዳ ነበር? ስታለቅስ ማን ያባብላት ነበር? ይህንን ማንም ልጅ ጠይቆ ይመጣል፣ ማንም አይፈራውም። ብሔሩም፣ አካባቢውም፣ ቋንቋውም በራሱ ጊዜ ተከትሎ ይመጣል።

ከባዱን ነገርስ እንዝለለው? ልጆች ጦርነቱን ሰምተዋል። አንዳንዱ ሸሽቶ የመጣ ነው፣ አንዳንዱ አባቱን ያጣ ነው። «ተከባብረን የኖርን ነን» ብቻ ብንላቸው ትልልቆች እንደዋሸናቸው ይገባቸዋል። እኔ ለልጄ የነገርኳት የአርባ ምንጩን ነው። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ቡራዩ ላይ ብዙ የጋሞ ተወላጆች ተገደሉ፣ ብዙ ሺህ ሰውም ተፈናቀለ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች ተቆጥተው ለበቀል ወጡ። የጋሞ ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ቀደሟቸው። በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘው ከልጆቻቸው ፊት ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ አልፎ መሄድ አይቻልም። ወጣቶቹ ተመለሱ።

ልጄ «ሽማግሌዎቹ አልተናደዱም?» አለችኝ። ተናደዋል አልኳት፣ የሞቱት የእነሱ ሰዎች ናቸው። «ታዲያ ለምን?» አለች። በዚህ ጥያቄ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆየን። ባህል ማለት ሥራ የሚሠራ ነገር እንደሆነ፣ ሰው ሊገድል የወጣን ወጣት የሚያስቆም ኃይል እንዳለው ያን ቀን የገባት ይመስለኛል። ሣሩ ደግሞ ኪራይ አያስፈልገውም።

መምህራን ይህንን ሲያነቡ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። ጊዜ የለም፣ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለ፣ የማይፈተን ነገር ደግሞ አይጠናም። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ አዲስ የትምህርት ዓይነት አልጠይቅም። እንዲያውም አዲስ መጽሐፍ ቢመጣ ያንኑ ዝርዝር ይዞ ይመጣል ብዬ እሰጋለሁ። የአካባቢ ሳይንስ አለ፣ ግብረ ገብ አለ፣ ሒሳብ አለ። በእነዚህ ውስጥ በወር አንድ ጊዜ አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ በደንብ ቢገባ ይበቃል። ሁሉንም ብሔረሰብ እኩል ማዳረስ አለብን የሚለው ጭንቀት ነው ሁሉንም በአንድ መስመር እንድንጨርሰው የሚያደርገን። አገሩ ወደ 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ከሚወርደው ዳሎል እስከ ራስ ዳሸን ድረስ ነው። ማንም ልጅ በስምንት ዓመት አይጨርሰውም። እኔም በዚህ ዕድሜዬ አልጨረስኩትም። ልጁ አምስት ቦታ በደንብ ካወቀ ስድስተኛውን ራሱ ይጠይቃል።

ውጭ ያሉ ወላጆችም ይህ ጥያቄ አለባቸው። ቨርጂኒያ የምትኖር ጓደኛዬ የልጇ ትምህርት ቤት «አገራችሁን አሳዩ» ሲላቸው በየዓመቱ ቡና፣ እንጀራና ሐበሻ ቀሚስ ይዛ ትሄዳለች። ባለፈው ደውላ «ዘንድሮስ ምን ላድርግ?» አለችኝ። ቡናውን ያዢው፣ ግን ልጅሽ ቡናው ከየት እንደመጣ ትናገር አልኳት። ይርጋጨፌ ከሆነ ጌዴኦ ነው። እዚያ ቡናው ከእንሰቱና ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው። አንዱ ሌላውን እየጋረደ።

የልብሱ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣም ነበር። ያን ቀን «አማራ» የደረሳት ልጅ ጥለቱ የሚያምር ነጭ ቀሚስ ለብሳ ነበር። አንድ ቅዳሜ ልጄን ይዤ ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። ከሱቆቹ ጀርባ ካለች ጠባብ ቤት የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ አገኘን። እግራቸው ጉድጓድ ውስጥ ነው። በእግራቸው ይረግጣሉ፣ በእጃቸው መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ይልካሉ። ድሩ ተወጥሯል፣ ማጉ ይመላለሳል። የሚሠሩት ልክ እንደዚያች ልጅ ቀሚስ ያለ ጥለት ነው።

ልጄ ጠጋ አለች። «አባባ፣ እግርዎ ምን እየሠራ ነው?»

ሥራቸውን አቁመው ሳቁ። «ነይ እዪው» አሏትና ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አደረጓት።

«ቤትዎ እዚህ ነው?»

«አሁን እዚህ ነው። አገሬ ዶርዜ ነው።»

«ዶርዜ ሩቅ ነው?»

«ሩቅ ነው። ጨንቻን ታውቂያለሽ? ደጋ ነው፣ ይበርዳል። አባቴም ሸማኔ ነበር። እኔ እንዳንቺ እያለሁ ድር አቀብለው ነበር።»

ልጄ እኔን ዞራ አየችኝ። ከዚያ እሳቸውን። «ቁርስ ምን ይበሉ ነበር?» አለቻቸው።

መወርወሪያውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መናገር ጀመሩ።